ጣራው ከመውደቁ በፊት ይናገራል

ዞንጉልዳክ በሰሜናዊ ቱርክ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የድንጋይ ከሰል ከተማ ናት። ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ከሰል ሲወጣባት የኖረች ስትሆን፣ በአቅራቢያዋ ባለው በኮዝሉ መሿለኪያዎቹ ከባሕሩ ወለል በታች ሳይቀር ዘልቀው ይሄዳሉ። የአካባቢው የከሰል ንብርብር የተቆራረጠና ቁልቁል የተዘነበለ በመሆኑ ለግዙፍ ማሽኖች አይመችም። በዚህም ምክንያት በብዙ ቦታ ጣራው እንዳይናድ የሚደገፈው፣ እንደ ጥንቱ ሁሉ፣ በእንጨት ምሰሶ ነው።

በየአገሩ ያሉ አንጋፋ ቆፋሪዎች እንጨትን የሚያምኑበት የራሳቸው ምክንያት አላቸው። እንጨት ከመሰበሩ በፊት ሲጢጥ ይላል፤ ቃጫዎቹ አንድ በአንድ ሲበጠሱም ይሰማል። ይህን ድምፅ የሰማ ሠራተኛ መሣሪያውን ጥሎ ለመሸሽ ጥቂት ቅጽበት ያገኛል። ወደ ከርሰ ምድር የሚወርድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረውም ጣራውን በብረት ዘንግ መታ መታ እያደረገ ማዳመጥን ነው። ከላዩ ጋር የተያያዘ ጠንካራ ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ተላቆ የተንጠለጠለው ግን እንደ ከበሮ ባዶ ያስተጋባል።

ዛሬ ከምድር በታች ከሚወጣው ከሰል ከፍተኛው ክፍል በእንጨት ምሰሶ ሥር አይቆፈርም። በቻይና፣ በአውስትራሊያ፣ በፖላንድና በአሜሪካ ትልልቅ ማዕድናት፣ እንዲሁም በኢራን የታባስ በረሃ በሚገኘው በፐርቫዴህ ማዕድን የሚሠራበት ዘዴ ‘ሎንግዎል’ ይባላል፤ ትርጉሙም ‘ረጅም ግድግዳ’ ማለት ነው። የዚህ ዘዴ መሠረተ ሐሳብ ለሰሚው እንግዳ ነው። ጣራው እንዳይወድቅ ሳይሆን፣ በታሰበበት ቦታና በታሰበበት ሰዓት እንዲወድቅ ይሠራል። ሰው በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለሰው ተራራው ከኋላው እየተናደ ከተከተለው፣ ከፊቱና ከጎኑ ደግሞ ከጸና ብቻ ነው። ይህን ሚዛን የመጠበቁ ዕውቀት በአንድ ቀን አልተገኘም፤ የተከፈለበት ዋጋም የብዙ ሺህ ሰዎች ሕይወት ነው።

እየተራመደ የሚሄድ ጣራ

በሎንግዎል ዘዴ ሥራው የሚጀመረው በዝግጅት ቁፋሮ ነው። ከሰሉን ግራና ቀኝ ይዘው የሚሄዱ ረጃጅም መተላለፊያዎች ይቆፈራሉ። በመካከላቸው ወርዱ ከ150 እስከ 400 ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ በርካታ ኪሎ ሜትር ሊሆን የሚችል አራት ማዕዘን የከሰል ክፍል ይቀራል። መተላለፊያዎቹን በጫፋቸው የሚያገናኝ ሌላ መሿለኪያ ሲከፈት አንደኛው ጎኑ የሚቆረጠው ‘ረጅም ግድግዳ’ ይሆናል። ጥርሳም ከበሮዎች የተገጠሙለት ቆራጭ ማሽን በዚህ ግድግዳ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሰ፣ በእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ከሰል ይቀርፋል። የተቀረፈውም ከሥሩ በተዘረጋው የብረት ማጓጓዣ ላይ ወድቆ ይወጣል።

ሠራተኞቹንና ማሽኑን ከናዳ የሚጠብቀው በግድግዳው ፊት ጎን ለጎን የተደረደረ የሃይድሮሊክ ድጋፍ ነው። ባለሙያዎቹ ‘ጋሻ’ ይሉታል። እያንዳንዱ ጋሻ ከታች መቀመጫ፣ ከላይ ጣራውን የሚይዝ ወፍራም የብረት ክዳን፣ ከኋላው ደግሞ ፍርስራሹን የሚመክት ዘንበል ያለ ብረት አለው። በመካከሉ የቆሙት እግሮቹ ጥቂት ዘይት በተቀላቀለበት ውሃ ግፊት ይሠራሉ። የአንዱ ጋሻ ወርድ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር በመሆኑ 300 ሜትር ለሚረዝም ግድግዳ ከ150 እስከ 200 የሚደርሱ ጋሻዎች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዳቸው በመቶዎች የሚቆጠር ቶን፣ የዘመኑ ትልልቆቹ ደግሞ ከ1,000 ቶን በላይ የሚመዝን ጫና መሸከም ይችላሉ። በቻይና ሻንግዋን ማዕድን እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ የዋሉት ጋሻዎች 8.8 ሜትር ከፍታ ላለው ግድግዳ የተሠሩ ናቸው፤ ይህም ከሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ይበልጣል።

ቆራጩ ማሽን ካለፈ በኋላ ጋሻው እግሮቹን በጥቂቱ አጥፎ ከጣራው ይላቀቃል፤ ራሱን ወደ ፊት ስቦ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ወዲያውም ተነሥቶ አዲስ የተገለጠውን ጣራ ይይዛል። ቀጥሎ ያለው ጋሻ እንዲሁ ያደርጋል፤ እንዲህ እያለ ረድፉ በሙሉ ከሰሉን ተከትሎ ይሄዳል። ከኋላው የቀረው ጣራ ግን ድጋፉን ያጣል። መጀመሪያ ቅርብ ያለው ንብርብር፣ ቀጥሎም ከእርሱ በላይ ያለው እየተሰበረ ወደ ባዶው ስፍራ ይወርዳል።

የናዳው ወደ ላይ መውጣት የሚያቆመው በአንድ ቀላል ምክንያት ነው። የተሰባበረ ድንጋይ ካልተሰበረው የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ የፈረሰ ግንብ ክምሩ ከቆመው ግንብ ሰፊ መሆኑን ማንኛውም ግንበኛ ያውቀዋል። ፍርስራሹ እየተከመረ ባዶውን ስፍራ ሲሞላው ከበላዩ ላለው ድንጋይ መደገፊያ ይሆናል። ከዚያ በላይ ያሉት ንብርብሮች አይናዱም፤ ይሰነጠቃሉ። ከእነርሱም በላይ ያሉት ይጎብጣሉ እንጂ አይሰነጠቁም። ይህ ሁሉ እንደታሰበው ከሆነ ከፊት ለፊት የሚሠራው ሰው ከኋላው ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ይሰማል፤ ሥራውንም ይቀጥላል። ጸጥታው ሲበዛ ግን ልምድ ያለው ሰው ይጠራጠራል።

ጋሻው የማይሸከመው ክብደት

የዚህን ጉዳይ ክብደት ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። የአንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ ክብደት ሁለት ቶን ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ በ400 ሜትር ጥልቀት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ያረፈው የድንጋይ ክብደት ወደ 1,000 ቶን ይጠጋል። ከጋሻዎች የሚገኘው ድጋፍ ግን በአንድ ካሬ ሜትር 100 ቶን ገደማ ነው። ታዲያ አሥር እጥፍ የሚከብደውን ተራራ ጋሻው እንዴት ቻለው? መልሱ አልቻለውም የሚል ነው፤ እንዲችለውም አልተሠራም።

ከሰሉ ሲወጣ ከላይ ያለው ክብደት አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል። አንዱ ክፍል ገና ወዳልተቆረጠው ከሰል፣ አንዱ በመተላለፊያዎቹ መካከል ወደተተዉት የከሰል ምሰሶዎች፣ ሌላው ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ፍርስራሹ ይሸጋገራል። ጋሻው የሚይዘው ከላዩ ተላቆ ሊወድቅ የተቃረበውን የድንጋይ ክፍል ብቻ ነው። የመሐንዲሱም ሙያ ክብደቱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ፣ በሚሄድበትም ቦታ ሊሸከመው የሚችል ነገር መኖሩን ማረጋገጥ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ተቃራኒ አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው የጣራው መድከም ነው። ጣራው ልፍስፍስ ጭቃማ ድንጋይ ሲሆን፣ በቆራጩ ማሽንና በጋሻው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ሳይቀር ይፈርሳል። በጊዜ ካልተያዘ ጉድጓዱ ወደ ላይ እየሰፋ ጋሻው የሚደገፍበት ያጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራ ይቆምና የተሰነጠቀው ድንጋይ እንዲያያዝ ሙጫ መሰል ኬሚካል በግፊት ይገባበታል።

ሁለተኛው አደጋ የጣራው መጠንከር ነው። ጠንካራ ድንጋይ ጋሻዎቹ ካለፉ በኋላም አይወድቅም፤ እንደ ግዙፍ ሰገነት ከኋላ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ግድግዳው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር የተንጠለጠለው ስፋት ይጨምራል፤ በመጨረሻም በአንድ ጊዜ ይሰበራል። ስብራቱ በጋሻዎቹ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ድንገተኛ ነው። ከዚያም ይልቅ የሚያስፈራው ከሥሩ የተጨፈለቀው አየር ነው፤ ወደ መተላለፊያዎቹ እንደ አውሎ ነፋስ ወጥቶ ሰውን አንሥቶ ይጥላል። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ በሚገኘው በሙኒ ማዕድን ይህ ችግር በበረታ ጊዜ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ መሐንዲሶቹ ወደ ጣራው ቀዳዳ ሠርተው ውሃ በኃይለኛ ግፊት በማስገባት ድንጋዩ በፈለጉት ሰዓት እንዲሰነጠቅና እንዲወድቅ አድርገዋል። ሠራተኞች ከአካባቢው እንዲርቁ ከተደረገ በኋላ ጣራው በትእዛዝ ወረደ ማለት ይቻላል።

የምሰሶው ልክ

ጋሻው በእርምጃ የሚያልፍ ነው። የከሰል ምሰሶዎቹ ግን ለወራትና ለዓመታት መቆም አለባቸው፤ የሰዎቹ መግቢያና መውጫ፣ የንጹሕ አየሩም መንገድ በእነርሱ መካከል ያልፋልና። ምሰሶው በጣም ከሰፋ ብዙ ከሰል ከምድር በታች ይቀራል፤ ከጠበበ ደግሞ ይፈርሳል። ለብዙ ዘመን ልኩ የሚወሰነው በልማድና በግምት ነበር። የግምቱን አደገኛነት ለዓለም ያሳየው የደቡብ አፍሪካው የኮልብሩክ አደጋ ነው።

ኮልብሩክ ሎንግዎል የሚሠራበት ማዕድን አልነበረም፤ ጣራውን ሙሉ በሙሉ በከሰል ምሰሶዎች ላይ ያሳረፈ ነበር። ምርት ለመጨመር ሲባል ከጣራው ሥር የነበረው ከሰል እየተቆረጠ ሲወሰድ፣ ክፍሎቹ ከፍ እያሉ፣ ምሰሶዎቹም እየረዘሙ ሄዱ። በታኅሣሥ ወር 1959 እ.ኤ.አ. መገባደጃ የማዕድኑ አንድ ክፍል ተደረመሰ። ማንም ስላልሞተ ሥራው ቀጠለ። ከአንድ ወር በታች በሆነ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1960፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምሰሶዎች በደቂቃዎች ውስጥ ተከታትለው ፈረሱ፤ ከ430 የሚበልጡ ሰዎችም ተቀበሩ። አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ ባሱቶላንድ ትባል ከነበረችው ከዛሬዋ ሌሶቶና ከሞዛምቢክ ለእንጀራ የመጡ ስደተኛ ሠራተኞች ነበሩ። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልወጣም።

ከዚህ አደጋ በኋላ የደቡብ አፍሪካ መንግሥትና የማዕድን ኢንዱስትሪው ጥናት አስጀመሩ። ትውልዱ ሃንጋሪያዊ የሆነው ሚክሎሽ ሳላሞንና ባልደረባው ማንሮ እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሙት ሥራ በላቦራቶሪ ቁራጭ ድንጋይ ላይ ብቻ የተመሠረተ አልነበረም። በእውነተኛ ማዕድናት ውስጥ የነበሩ 125 የምሰሶ ሁኔታዎችን መረመሩ፤ 98ቱ የቆሙ፣ 27ቱ የፈረሱ ነበሩ። ከእነዚህም ምሰሶው ሲሰፋ ምን ያህል እንደሚጠነክር፣ ሲረዝም ምን ያህል እንደሚደክም የሚያሳይ ቀመር አወጡ። በቀመሩ መሠረት ስፋቱ ሳይለወጥ ቁመቱ እጥፍ የሆነ ምሰሶ ከጥንካሬው ከሦስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። በኮልብሩክ የሆነውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር።

በሎንግዎል ላይ ተመሳሳይ ሥራ የሠራው አሜሪካዊው ክሪስ ማርክ ነው። አባቱ ሮበርት ማርክ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩ ሲሆን፣ የመካከለኛው ዘመን ታላላቅ የአውሮፓ ካቴድራሎች የድንጋይ ክብደታቸውን እንዴት እንደሚሸከሙ በፕላስቲክ ሞዴሎችና በብርሃን ያጠኑ ምሁር ነበሩ። ልጁ ግን በወጣትነቱ የምሁራኑን መንደር ትቶ በዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ሆነ። ጣራው ምን ማለት እንደሆነ ከሥሩ ቆሞ ካወቀ በኋላ ወደ ትምህርት ተመለሰና ሕይወቱን ለዚሁ ጥያቄ ሰጠ። በመንግሥት ተመራማሪነቱም ከማዕድናቱ የቆሙና የፈረሱ መተላለፊያዎችን ታሪክ ሰበሰበ፤ ጣራውን ከዜሮ እስከ መቶ ነጥብ የሚመዝን መለኪያ ከባልደረባው ጋር አዘጋጀ። ውጤቱ ለሠራተኛ ጆሮ አዲስ ባይሆንም ለመሐንዲስ ጠረጴዛ ጠቃሚ ነበር። ደካማ ጣራ ያለበት ማዕድን ሰፊ ምሰሶ ይፈልጋል፤ ጠንካራ ጣራ ያለው ግን በጠባቡ ሊያልፍ ይችላል። አንድ ልክ ለሁሉም አይሆንም።

ሃያ ዓመት የዘገየ ደኅንነት

የመተላለፊያዎቹን ጣራ የሚይዝ ሌላም መሣሪያ አለ፤ እርሱም የድንጋይ ብሎን ነው። ወደ ጣራው ጥልቅ ቀዳዳ ተሠርቶ ረጅም የብረት ዘንግ ይገባበታል፤ ጫፉም በሙጫ ወይም በመቆለፊያ ከድንጋዩ ጋር ይያያዛል። ስስ ስስ የሆኑት ንብርብሮች በብሎኑ አንድ ላይ ሲጠረዙ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሊሸከም የማይችለውን በኅብረት ይሸከማሉ። አንድ ገጽ ወረቀት ይጎብጣል፤ የተጠረዘ መጽሐፍ ግን ይጸናል።

በአሜሪካ የድንጋይ ብሎን በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲተዋወቅ የጣራ ናዳን የሚያስቀር ታላቅ ግኝት ተብሎ ነበር። ተስፋው መሠረት ነበረው፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በዚያ አገር ማዕድናት ከሞቱት ከ100,000 በላይ የከሰል ሠራተኞች መካከል ከፍተኛው ቁጥር የወደቀው ጣራ በመናዱ ነውና። ብሎኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየማዕድኑ ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ክሪስ ማርክ በኋላ መዛግብቱን ሲመረምር አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አገኘ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ገደማ፣ ሠራተኛው ከምድር በታች በሚያሳልፈው ሰዓት ሲሰላ፣ በጣራ ናዳ የመሞት ዕድሉ ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም ነበር።

ምክንያቱ በብሎኑ ላይ አልነበረም። ማዕድናቱ አዲሱን መሣሪያ የተቀበሉት በዋናነት ሥራን ስላፋጠነላቸው ነው፤ የእንጨት ምሰሶዎች መንገድ ስለማይዘጉ ትልልቅ ማሽኖች እንደልብ መንቀሳቀስ ቻሉ። የሚተከለው ብሎን ቁጥር ግን ቀድሞ የነበረውን የአደጋ መጠን ለመጠበቅ ያህል ብቻ ሆነ። መሣሪያው ሕይወት የማትረፍ አቅም ነበረው፤ አቅሙ ግን ወደ ምርት ዞረ። ሁኔታው የተለወጠው በኖቬምበር 1968 በዌስት ቨርጂኒያ ፋርሚንግተን 78 ሠራተኞች በፍንዳታ ካለቁ በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ ማዕድን የጸደቀ የጣራ ድጋፍ ዕቅድ እንዲኖረው አስገደደ፤ ተቆጣጣሪዎችም የመቅጣትና ሥራ የማስቆም ሥልጣን አገኙ። ከዚያ ወዲህ የሟቾች ቁጥር በግልጽ መቀነስ ጀመረ።

ዕውቀቱም ሕጉም እያለ ማስጠንቀቂያ ሲታለፍ ምን እንደሚሆን ያሳየው በዩታ ግዛት የሚገኘው የክራንዳል ካንየን ማዕድን ነው። በዚያ ማዕድን የሎንግዎሉ ሥራ አብቅቶ ነበር። የቀረው ዋናውን መተላለፊያ ግራና ቀኝ የሚጠብቀው ትልቁ የከሰል ግንብ ሲሆን፣ እርሱንም ለማውጣት ተወሰነ። ከሁለቱም በኩል ያለው ጣራ አስቀድሞ ስለወደቀ፣ ግንቡ ከ500 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ተራራ ክብደት አርፎበት ነበር። በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. በሰሜኑ ክፍል ከሰሉ በኃይል ፈንድቶ ሥራው ተቋረጠ፤ ቁፋሮው ግን ወደ ደቡቡ ክፍል ተዛወረ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2007 ከንጋት በፊት ምሰሶዎቹ በአንድነት ፈነዱ። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎች 3.9 የሚደርስ ንዝረት መዘገቡ። ስድስት ሠራተኞች ከውስጥ ቀሩ። ከአሥር ቀናት በኋላ ሊደርሱላቸው ሲቆፍሩ ከነበሩት መካከል ሦስቱ በሌላ ፍንዳታ ሞቱ። ስድስቱ ዛሬም ከተራራው ሥር ናቸው። የመንግሥት መርማሪዎች የምሰሶዎቹ ንድፍ የተሳሳተ እንደነበርና ቀደም ሲል የታዩት ምልክቶች እንደ ደንቡ እንዳልተነገሩ ደምድመዋል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በአሜሪካ የከሰል ማዕድናት በጣራ መደርመስ የሞተ አንድም ሠራተኛ ያልነበረበት ዓመት በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዘገበ። ከሰላሳ ዓመት በላይ የወሰደ የልኬት፣ የሕግና የቁጥጥር ሥራ ውጤት ነው።

ጆሮን የተካ መሣሪያ

ብረትና ብሎን እንደ እንጨት አይናገሩም። በእንግሊዝ ኖቲንግሃምሻየር በሚገኘው በቢልስቶርፕ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1993 በብሎን የተያዘ መተላለፊያ ተደርምሶ ሦስት ሰዎች መሞታቸው ይህን በግልጽ አስታውሷል። ስለዚህ በብሎን በተያዙ ጣራዎች ላይ ዛሬ ቀላል ግን ብልህ የሆነ መሣሪያ ይተከላል። ከጣራው ውስጥ ብዙ ሜትር ርቆ ከጸና ድንጋይ ጋር የታሰረ ሽቦ፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም የተቀባ አመልካች ያንጠለጥላል። ጣራው ከላዩ ሲላቀቅ ቀለሞቹ አንድ በአንድ ይሸፈናሉ። ፊደል ያልቆጠረ ሠራተኛ እንኳ በራስ ባትሪው ብርሃን አይቶ ድንጋዩ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ያውቃል። በጋሻዎቹም እግር ውስጥ ያለው ግፊት በየሴኮንዱ ይመዘገባል፤ የድንጋዩን ስንጥቅ የሚያዳምጡ መሣሪያዎችም አሉ። በቻይናና በአውስትራሊያ ማዕድናት ማሽኑን ከሩቅ ክፍል ሆኖ የመምራቱ ሥራ እየተስፋፋ በመሆኑ፣ ከጋሻው ሥር የሚቆመው ሰው ቁጥር እየቀነሰ ነው።

የጣራው መውረድ ግን ከምድር በታች ብቻ አይቀርም። በጀርመን የሩር ሸለቆ፣ ከ1961 ስምምነት ወዲህ ብዙ የቱርክ ሠራተኞች በተቀጠሩበት አካባቢ፣ ለመቶ ዓመታት የዘለቀው ቁፋሮ ሰፋፊ ሰፈሮችን ከቀድሞ ከፍታቸው በብዙ ሜትር ዝቅ አድርጓል። የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፕሮስፐር-ሃኒየል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ቢዘጋም የውሃ ፓምፖቹ ሥራ አላቆሙም። ቢቆሙ የሰመጡት ሰፈሮች በውሃ ይዋጣሉ፤ ጀርመኖችም ይህን ‘ዘላለማዊ ሸክም’ ይሉታል። በቻይና ሁዋይናን የእርሻ መሬት የነበረው ሰምጦ ሐይቅ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በአንዱ ላይ 40 ሜጋዋት የሚያመነጭ ተንሳፋፊ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀምሯል። ከሰሉን ያወጣው ትውልድ ሒሳቡን ለቀጣዩ ያስተላልፋል።

የድንጋዩ መሰንጠቅ ሌላም መዘዝ አለው። ከላይና ከታች ያሉ ንብርብሮች ሲከፈቱ በውስጣቸው ታምቆ የኖረ ሚቴን ጋዝ ወደ መሿለኪያው ይፈስሳል። በመሆኑም የጣራ ጥበቃና የአየር ዝውውር ተነጣጥለው የሚታዩ ሥራዎች አይደሉም፤ የአየሩ መንገድ በምሰሶዎቹ ጽናት ላይ ያርፋል፤ የሚገባው ጋዝ መጠንም በድንጋዩ ስብራት ይወሰናል። በታባስ አካባቢ ባለ አንድ የከሰል ማዕድን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የደረሰው የሚቴን ፍንዳታ ከ50 በላይ ሠራተኞችን መግደሉ ሚቴን ምን ያህል ርሕራሄ የለሽ እንደሆነ ለአካባቢው አገሮች ሁሉ አሳይቷል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያንም ሩቅ አይደለም። በደቡብ ወሎ ደላንታ ወጣቶች በባህላዊ መንገድ ኦፓል የሚያወጡባቸው ዋሻዎች የከሰል ማዕድናት ባይሆኑም፣ በላያቸው ያለው ድንጋይ የሚታዘዘው ለዚያው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ናዳ የዋሻውን አፍ ዘግቶ በርካታ ወጣቶችን ከውስጥ ባስቀረ ጊዜ፣ ቤተሰቦቻቸውና የአካባቢው ሕዝብ በእጅ መሣሪያ ሲቆፍሩ ቀናት አልፈዋል። በዚያ ስፍራ የቀለም አመልካችም ሆነ የምሰሶ ቀመር አልነበረም።

ከኮልብሩክ እስከ ክራንዳል ካንየን ያሉት አደጋዎች የጋራ ገጽታ አላቸው። ተራራው በድንገት አልወደቀም፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት ምልክት ሰጥቷል። ምልክቱን ያዩ ሰዎችም ነበሩ። የጎደለው ያዩትን ይዘው ሥራ የማስቆም ሥልጣን ነው። ዛሬ በደንብ በሚመሩ ማዕድናት ማንኛውም ሠራተኛ፣ ትናንት የተቀጠረውም ቢሆን፣ የአመልካቹ ቢጫ ቀለም ሲሸፈን ካየ ባልደረቦቹን ይዞ የመውጣት መብት አለው። ለምን ወጣህ ብሎ የሚቀጣው አለቃ የለም፤ የቆመው ምርትም ከደመወዙ አይቆረጥበትም። ጋሻውም፣ ብሎኑም፣ ቀመሩም ሰውን የሚጠብቁት ይህ መብት በተከበረበት ቦታ ነው።